እንዳይረጋ የተጸለየለት ማር

እኅቴ የምታጠናው መስታወት ነው። ሰዎች ሲጠይቁኝ እንዲህ በአጭሩ እመልሳለሁ። «የመስኮት መስታወት?» ይሉኛል። የመስኮቱም አለበት፣ ከረሜላም አለበት፣ ማርም አለበት። ማር ስል ይስቃሉ። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ስቄያለሁ።

ሰቆጣ ተቀምጬ ዜና ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ዝናብ፣ ስለ ስብሰባ፣ ስለ መንገድ መዘጋትና መከፈት ስጽፍ ኖሬያለሁ። የሰማሁትን ሁሉ እንደ ሰማሁት አልጽፍም፤ እኅቴ የነገረችኝንም ቢሆን። ስለዚህ ከምታስተምርበት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በደወለች ቁጥር እንደ ማንኛውም ባለሥልጣን አፋጥጣታለሁ።

«አሮጌ ቤት ላይ ያለ የመስኮት መስታወት ከዘመን ብዛት ወደ ታች ይፈሳል ይባላል» አልኳት አንድ ቀን። «እውነት ነው?»

«ውሸት ነው፣ አያ። የድሮ መስታወት ሲሠራም ወጣ ገባ ነበረ። አንዳንዱ ገጣሚ ወፍራሙን ጠርዝ ወደ ታች አድርጎ ይገጥመው ነበር። በሰው ዕድሜ ሲፈስ የሚታይ የለም።»

«ታዲያ ፈሳሽ ነው የሚሉት ከየት አምጥተው ነው?»

«ፈሳሽ ነበረ። ሲቀዘቅዝ ግን እንደ በረዶ ሥርዓት ይዞ አልረጋም። መርጋት ከሚገባበት ሙቀት በታች ቀዝቅዞም ፈሳሽ እንደሆነ ቆየ። ከዚያ እየወፈረ እየወፈረ ሄደና መንቀሳቀስ አቃተው። እኔ የማጠናው ያንን መሐል ላይ ያለውን ነው፤ መርጋት ሲገባው ገና ያልረጋውን።»

ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። በልጅነቷ ከረሜላ ሲሰጣት ቶሎ አትበላም ነበር። ፀሐይ ላይ ይዛ ታየዋለች። ክረምቱን ሣጥን ውስጥ ከርሞ ሲወጣ ለምን ጭጋግ እንደሚለብስ ቤተሰቡን ሁሉ ጠይቃ መልስ የሰጣት አልነበረም። በኋላ ራሷ ነገረችን። ከረሜላ የስኳር መስታወት ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ቀስ ብሎ ወደ ተራ ስኳርነት ይመለሳል። ይህን ስትነግረን እናታችን፣ «ለዚህ ነው ይህን ያህል ዓመት የተማርሽው?» ብላ ነበር፤ ግን ደስ ብሏት ነው ያለችው።

ባለፈው መስከረም ደውላ፣ «ዘንድሮ በአገራችን ማር ልሠራ ነው» አለችኝ። የዋግ ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል። ከቀፎ ሲወጣ ፈሳሽ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ስኳር ውኃው ችሎ ከሚይዘው በላይ ነው። የሚረጋበትን ሰበብ እየጠበቀ ነው የሚቀመጠው። ሰበቡም አንዲት የረጋች ቅንጣት ብትሆን ይበቃዋል። እኅቴ የፈለገችው ከቀፎ ከወጣ ጀምሮ ረግቶ የማያውቅ፣ እሳትም ያላየ ማር ነው።

«የረጋውን አሙቀሽ ብትመልሺውስ?»

«አይሆንም። ሙቀት ሌላ ማር ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ያሳለፈውን ሁሉ ይዞ ነው የሚቆየው፤ እኔ ደግሞ ምንም ያላሳለፈውን ነው የምፈልገው።»

የሚለካው መሣሪያ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይሰለፍበታል። ለእሷ የደረሳት ተራ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነበር። ማር በእኛ አገር በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ ይቆረጣል፣ በደጋው ብርድ ብዙም ሳይቆይ ይረጋል። ያ ጊዜ ካመለጣት የሚቀጥለው ለከርሞ ነው። እስከዚያ የጀመረችው ሥራ ባለበት ይቆማል።

ማሩን ከሩቅ አልፈለግነውም። የእናታችን ታናሽ እኅት፣ አክስታችን፣ ከአምደወርቅ ቁልቁል በሚወርደው የእግር መንገድ በምትገኝ መንደር ንብ ያረባሉ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱንም ቀፎውንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። እስክንመጣ እንዳይቆርጡ በስልክ ነገርናቸው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ቆርጦ ሲጨርስ እሳቸው ጠበቁን።

እኅቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ አደረችና ጠዋት ከሰቆጣ በሚኒባስ ተነሣን። ባዶ ብልቃጦች በስፖንጅ የተጠቀለሉበት ሣጥን ጭኗ ላይ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ታጥበው የታሸጉ ናቸው። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ሲያዩዋት ቆይተው፣ «እኔ እምልሽ ልጄ፣ ባዶ ብልቃጥ ነው እንዲህ እንደ አራስ ልጅ ያቀፍሽው?» አሏት።

«ሲሞላ ደግሞ የባሰ ነው፣ እናቴ» አለቻቸው።

አምደወርቅ ወርደን በእግር ቀጠልን። ጤፉ ነጣ ብሎ አጨዳ ይጠብቃል። እዚህም እዚያም የማሽላ አገዳ ተቆልሏል። አክስታችን ደጃፍ ላይ ሆነው ተቀበሉን። እኅቴን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ «እቴ፣ ይሄ ትምህርት ሥጋ አላስተረፈልሽም» አሉ። ለእኔ ደግሞ፣ «ወሬ ለቃሚውም መጣህ?» አሉኝ። ሁልጊዜ የሚሉኝ ነው።

ማሩ የተቆረጠው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አክስቴ ፊታቸውን በወንፊት ጨርቅ ሸፍነው፣ የደረቀ ኩበት በጭስ ማጨሻው እያጨሱ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። እኅቴ ከቤት አንድም ዕቃ አላስነካችም፤ ቢላዋውንም፣ ማጥለያውንም፣ ጓንቱንም ይዛ መጥታለች። «የቤት ዕቃ ላይ የአምና ማር ይኖርበታል» አለችኝ። የማሩ እንጀራ ተቆርጦ በማጥለያው ላይ ሲቀመጥ ማሩ በራሱ ጊዜ ይንጠባጠባል እንጂ አይጨመቅም። ቀለሙ ፈዛዛ፣ ሲያዩት ከጀርባው ያለውን ጣት የሚያሳይ ነበር። ብልቃጦቹ ሲሞሉ ጥቂት ባዶ ለመጠባበቂያ ቀሩ። የሞሉትን በጋቢ ጠቅልላ ብርድ በማያገኛቸው በምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ አስቀመጠቻቸው።

አክስቴ አንዱን ብልቃጥ አንሥተው ወደ ብርሃን አድርገው አዩት። መልሰው አስቀመጡት። እኛ ያደነቁት መሰለን።

በማግሥቱ ለመመለሻ መኪና ለመነጋገርና ስልክ ለመደወል ወደ አምደወርቅ ወጣን። መንደሩ ውስጥ ስልክ የሚሠራው ከአጥሩ በስተጀርባ ባለች አንዲት ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ነው፤ እሱም ሲፈልግ። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አክስቴ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ። ፊታቸው ፈክቷል።

«ኑ፣ ኑ! ማርሽን ሰው አደረግሁልሽ!»

እኅቴ ቀጥ አለች። «ምን አደረጉት፣ አክስቴ?»

«እርሾ ሰጠሁታ!»

ይህ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልናገር። በአክስቴ ቤት አዲስ ማር ሲቆረጥ ከአምናው የረጋ ነጭ ማር አንድ ማንኪያ ይጨመርበታል። እንደ ሊጥ እርሾ ነው። እርሾ ያገኘ ማር ቶሎና እኩል ይረጋል፤ ነጭ፣ ልስልስ፣ እንደ ቅቤ በማንኪያ የሚቆረጥ ይሆናል። ፈሳሽ ማር ለእንግዳ አይቀርብም፤ ለመንገደኛም አይሰጥም። አዲስ አበባ የረጋ ማር ያየ ሰው ስኳር ገብቶበታል ብሎ ይጠረጥራል። የእኛ አገር ሰው የሚጠረጥረው ያልረጋውን ነው።

እኅቴ ጋቢውን ገለጠችው። በየብልቃጡ ሥር አንድ ነጭ ጉብታ ተቀምጧል። ከጉብታው ወደ ላይ እንደ ጭስ ቀጭን ነጭ ጅራት ተስቧል።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም ነዋ። አንዱን ለይቼ ልበድለው?» አሉ አክስቴ። ከዚያ የእኅቴን ፊት አዩ። «ምነው? አምና ቸኩዬ እርሾ ሳልሰጠው ለልጄ ዐረብ አገር የላክሁላት ማር ሳይረጋ ደረሰ። አብረዋት የሚኖሩት የአገራችን ልጆች፣ 'ይሄማ ስኳር በውኃ ነው' አሏት። እያለቀሰች ደወለችልኝ። ያንቺን ደግሞ ምሁራን ሊያዩት ነው፣ 'የዋግ ሰው ስኳር በጥብጦ ሰጣት' ይበሉሽ?»

እኅቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች። በሥራዬ ጎርፍ ማሳ የወሰደባቸውን፣ ቤት የተቃጠለባቸውን ሰዎች አይቻለሁ። ብዙዎቹ መጀመሪያ አይጮኹም፤ የቀረውን ዕቃ በእጃቸው እየነኩ ያያሉ። እሷም የየብልቃጡን ክዳን አንድ በአንድ ነካች። ከዚያ፣ «ጥሩ አድርገው ነው የሰጡት፣ አክስቴ። እርሾው ይዟል» አለች።

«ከያዘማ ፊትሽ ለምን እንዲህ ሆነ?»

እኔ ነገርኳቸው። ያልረጋ ማር ነው የምትፈልገው፣ ረግቶም የማያውቅ፣ የመሣሪያው ተራ ደርሷል፣ ሌላ ማር እስከ ከርሞ የለም። አክስቴ ሻሻቸውን ከራሳቸው አወረዱና በዋግ አገዎች ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ኽምጥኛ የሚሉት በጣም ሲደሰቱ ወይም በጣም ሲከፉ ነው። ቆይተው በአማርኛ፣ «እና ዓመቷ ላይ ነው እርሾ የጨመርኩት?» አሉ።

ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ! ለአገር ሁሉ ስትለፈልፍ ትውላለህ፤ 'እንዳይረጋ ነው' የምትል አንዲት ቃል ከአፍህ ጠፋች?»

«እሷ የነገረችዎ መስሎኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ አያ የነገረዎት መስሎኝ» አለች እኅቴ። ብልቃጦቹን ካየች ወዲህ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ ግን አልቆየም።

በመንደሩ ያልተቆረጠ ቀፎ ይኖር እንደሆነ ጠየቅን። አክስቴ ቤቶቹን በየተራ አስበው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ቆርጧል፣ ሁሉም እርሾ ሰጥቷል። ከዚያ ዓይናቸው በጓሮ በር በኩል ወደ አጥሩ ሄደ። ከሌሎቹ ተለይታ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንዲት ቀፎ ነበረች። ትናንት አልፈናት ነበር፤ ለምን እንዳልተከፈተች አልጠየቅንም።

«አንዲት አለች» አሉ ቀስ ብለው። «ግን የእኔ አይደለችም።»

«የማን ናት?»

«የሚካኤል።»

ልጃቸው ባሕር የተሻገረች ጊዜ የተሳሉት ስለት ነው። በሰላም ከደረሰች፣ ከዚያች ቀፎ የሚወጣው ማር በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ይሆናል ብለው ነበር። ልጅቱ ደርሳለች፤ ማሩም በየዓመቱ ገብቷል። ዘንድሮ ደግሞ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ እሳቸው ናቸው። በዓሉም ጥቂት ቀን ነው የቀረው።

«ሳላስፈቅድ እጄን አልሰድባትም» አሉና ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። ተከተልናቸው።

ሊያስፈቅዱ የሄዱት የነፍስ አባታቸው ዘንድ ነው። መምሬ የማኅበሩም መሪ ናቸው፤ ቤታቸው ከጅረቱ ማዶ ነው። ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው አዲስ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘናቸው። መስቀላቸውን ካሳለሙን በኋላ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው አክስቴን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። በሥራዬ ብዙ ችሎት ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ አቋርጦ የማይጠይቅ ዳኛ ጥቂት ነው።

«ስለቱ ቀፎው ነው ወይስ ማሩ?» አሉ በመጨረሻ።

«ማሩ ነው፣ መምሬ። 'ከዚህች ቀፎ የሚወጣው ማር ያንተ ነው' ብዬ ነው የተሳልኩት።»

«ከዚህች ቀፎ ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«ምናለ ትንሽ ሰፋ አድርገሽ ብትሳይ?»

«ልጄ ባሕር ላይ ነበረችኮ! ማን አመዛዝኖ ይሳላል?»

መምሬ ወደ እኅቴ ዞሩ። «አንቺስ፣ ማሩን ልትበዪው ነው?»

«አልበላውም፣ መምሬ።»

«ልትሸጪው?»

«አልሸጠውም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ነው?»

«አቀዘቅዘዋለሁ። ከበረዶ በታች፣ በጣም ዝቅ አድርጌ። ሳይረጋ እንደ ብርጭቆ እስኪደርቅ ድረስ።»

«ከዚያስ?»

«መሣሪያው ይለካዋል። ከዚያ ይጣላል።»

አክስቴ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እኔም ነገሩ ያበቃለት መሰለኝ። ምስክር ከተጠየቀው በላይ እውነት ሲናገር ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ።

«ይጣላል» አሉ መምሬ፤ ቃሉን እንደ መቅመስ እያደረጉ። «የሚካኤል ማር። ለምን ብለሽ?»

እኅቴ ጥቂት አሰበች። «መምሬ፣ ማኅሌት ሲቆም ካህናቱ እንዴት ነው የሚቆሙት?»

«ግራና ቀኝ ነዋ። በረድፍ፣ ፊት ለፊት።»

«የረጋ ማር እንደዚያ ነው። በዓይን የማይታዩት ቅንጣቶቹ ረድፍ ይዘው ይቆማሉ። አንዱ ቦታውን ከያዘ ሌላው እሱን አይቶ አጠገቡ ይቆማል። የአክስቴ እርሾ ማለት ቀድመው የቆሙ ካህናት ናቸው፤ የመጣው ሁሉ ያያቸውና ይሰለፋል።»

«እሺ።»

«ያልረጋው ማር ደግሞ የአምደወርቅ ገበያ ነው። ረድፍ የለም፣ ሁሉም ይጋፋል። ሲቀዘቅዝ ገበያው እየጠበበ ይሄዳል፤ መላወሻ ይጠፋል። በመጨረሻ ሁሉም በቆመበት ቀጥ ይላል። መስታወት የምንለው ያንን ነው። ከሩቅ ላየው እንደ ማኅሌቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ገበያ ነው።»

መምሬ ጢማቸውን ያዙ። «እና አንቺ የምትፈልጊው ገበያውን ነው፤ ካህናቱ ከመድረሳቸው በፊት።»

«አዎን! ልክ እንደሱ።»

«ምን ይጠቅማል?»

«ስኳር እንደ መስታወት ሲደርቅ በውስጡ ያለውን መድኃኒት ከመበላሸት ሊጠብቅ ይችላል። ክትባትን ያለ ፍሪጅ እንደ አበርገሌ ላለ ቆላ ለማድረስ በዚህ መንገድ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። የእኔ ሥራ ያንን አይሠራም። የሚሠሩት ሰዎች ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ግን አንዷን ይመልስ ይሆናል።»

መልሷን ወደድኩት። ከመድረክ ላይ ከዚህ ባነሰ ሥራ ከዚህ የበለጠ ተስፋ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

መምሬ ሞፈሩን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ እንደገና አስቀመጡት። «እንግዲህ ስሚኝ» አሉ ለአክስቴ። «ማሩን በማር ትተኪያለሽ። ለሚካኤል የሚቀርበው እሷ ከወሰደችው ይብለጥ እንጂ አይነስ። ሰፈፉ ግን አይተካም። ከዚያችው ቀፎ የወጣው ሰፈፍ ለጧፍ ቤተ ክርስቲያን ይግባ። ያን ጊዜ የቀፎዋ ፍሬ ለመልአኩ ደረሰ ማለት ነው።»

«የምተካበት ማር እርሾ የገባበት ነው፣ መምሬ። እሱ ይሆናል?»

«የረጋ ማር ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? እኛ ዋጎች አይደለንም እንዴ?» ካሉ በኋላ ጣታቸውን ወደ እኅቴ አነሡ። «አንቺ ግን ካህናቱን ጥለሽ ገበያውን መርጠሻል። ይህንን ለነፍስ አባትሽ ትናገሪያለሽ።»

«እናገራለሁ» አለች እየሳቀች።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ የሚካኤል ቀፎ ተከፈተች። አክስቴ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ታጥበው፣ ጫማቸውን አውልቀው ነው የቀረቧት። የአምና ማር ያለበትን እንስራ ከነማንኪያው ከብልቃጦቹ ላርቀው ብፈልግ ቤት ውስጥ አጣሁት። «ጎረቤት አሳደርኩት» አሉኝ። «እጄ ልማድ አለበት፣ አላምነውም።» እኅቴ የቀሩትን ባዶ ብልቃጦች ሞላች። ከትናንቱ በቁጥር ያነሱ ቢሆኑም ለመለኪያው ይበቃሉ አለች። ሰፈፉን አክስቴ በንጹሕ ጨርቅ ለብቻው ቋጠሩት። እርሾ የገባባቸውን ብልቃጦች ደግሞ ለበዓሉ በመደቡ ላይ ደረደሯቸው። ከጉብታው ዙሪያ ነጩ ሲሰፋ በዓይን ይታይ ጀምሮ ነበር። እኅቴ እራት እስኪቀርብ ድረስ ብልቃጦቹ ፊት ተቀምጣ አየቻቸው፤ የጠፋባትን የምታይ አትመስልም ነበር።

ጠዋት ልንነሣ ስንል መምሬ ሳይጠሩ መጡ። መንገድ ባርከው፣ አምደወርቅ የሚጠብቀንን ሾፌር በሩቁ ባርከው፣ ሣጥኑ ላይ መስቀላቸውን አደረጉና፣ «ማሩን ሳይረጋ ያድርስልሽ» አሉ። በዋግ ምድር ማር እንዳይረጋ ሲጸለይ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አክስቴ አሜን ሲሉ ትንሽ ዘገዩ።

እኅቴ ሰቆጣ አንድ ሌሊት አድራ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈረች። ሣጥኑን ጣሪያ ላይ እንዳይጭኑት ከረዳቱ ጋር ስትከራከር ትቻት ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሳለች ሁለቴ ደወልኩላት። ሁለቱንም ጊዜ መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ ማሩ ነው፤ በሁለተኛው፣ «እኔም ደኅና ነኝ» አለችኝ።

ለኅዳር ሚካኤል አክስቴ ዘንድ ወረድኩ። ቤቱ በማኅበርተኛ ሞልቷል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የማሩ ብርዝ ይዞራል። እርሾ የገባበት ማር በሳህን ተቆርጦ ቀረበ። ነጭ ነው፣ ልስልስ ነው፤ ጥርስ ላይ አንድም ቅንጣት አይንኳኳም። ሰው ሁሉ አመሰገነ። አክስቴም ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሳቸው ነገሩት። ባነሡት ቁጥር የእኔ ጥፋት ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄደ፤ አላረምኳቸውም።

ኔትወርክ በምትይዘው ድንጋይ ላይ ያስቀመጥኩት ስልኬ ሲጮህ ሮጥኩ። ተራዋ የበዓሉ ዋዜማ እንደነበረ አውቃለሁ።

«አያ፣ አልረጋም» አለች። «ሲደርስ እንደ ተቆረጠ ነበር። አቀዘቀዝነው፤ ንጹሕ መስታወት ሆነ። የተረፈውን በመቆንጠጫ ስነካው እንደ ብርጭቆ ጠቅ አለ።»

«ልኬቱስ?»

«ይዤዋለሁ። ምን እንደሚል ለማወቅ ገና ወራት ያስፈልገኛል። ግን ይዤዋለሁ።» ድምፅዋ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድካም ሰማሁ፤ ሥራውን የጨረሰ ሰው ድካም።

አክስቴ ከኋላዬ ደርሰው ነበር። «ረጋ?» አሉኝ።

«አልረጋም።»

«ተመስገን!» ብለው እልል አሉ። ከዚያ ወደ ደጃፉ የወጣውን ሰው ዞረው አዩና፣ «እንግዲህ አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሩ። 'የእሷ ማር አይረጋም' ይሉኛል» አሉ። መምሬ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

አክስቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። «ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ለከርሞ አንዲቱን ቀፎ ካንቺ በቀር የሚነካት የለም፤ ለመሣሪያው ሰዎች ከአሁኑ ንገሪያቸው። ስሚ ደግሞ፣ ብልቃጡ ውስጥ የተረፈውን እንዳትጥዪው። ሥራሽን ከጨረስሽ እርሾ ጨምሪበትና ብዪው።»

እኅቴ ምን እንዳለች አልሰማሁም። አክስቴ ግን፣ «ከሌለሽማ እልክልሻለሁ» አሉ።

በማግሥቱ ወደ ሰቆጣ ስመለስ ኪሴ ውስጥ በትንሽ ብልቃጥ የረጋ ማር ነበረ። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ የሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት። ደርሷታል።